ፈትለወርቅ የት ትብላ?

«ህይወትዬ፣ እዚህ አገር ሰው የት ነው የሚበላው?»

መልእክቱ በድምፅ የተላከ ነው፤ አክስቷ ፈትለወርቅ ሰው እንዳይሰማት አፏን ስልኩ ላይ ለጥፋ ነበር የተናገረችው። ህይወት ጓዳ ገብታ፣ በሩን በጀርባዋ ደግፋ፣ ስልኩን ከጆሮዋ አስጠግታ ሁለቴ ሰማችው። ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ይህችው ፈትለወርቅ ሳሎን ቡፌው ላይ የስኳር ቆርቆሮ ተደግፎ በቆመው በዚሁ ስልክ፣ በቪዲዮ፣ ለዘመድ ስትስቅ ነበር። «ኢስታንቡል ናት እንግዲህ፣ እዩዋት!» እያለች ስልኳን ወደ መስኮቱ አዞረች። መስኮቱ የሚያሳየው የሌላ ፎቅ ጀርባና አንድ የዛገ የውሃ ቧንቧ ነበር፤ ቢሆንም ሁሉም «ውይ፣ ስታምር!» አሉ። የህይወት እናት መስታወት ነጠላዋን አገጯ ሥር ሰብስባ፣ «የጾም ምግብስ ይገኛል?» ብላ እህቷን ጠየቀች። «ኧረ ሞልቷል! ዘጠኝ ሰዓት ይድረስ እንጂ አማርጬ ነው የምበላ» አለች ፈትለወርቅ። ከአርብ ገበያ ከተማ ለጉዳይ መጥተው ያደሩት የሁለቱ ታላቅ ወንድም አያ ጌጡ ተራቸው ሲደርስ ፊታቸውን ስልኩ ላይ ሊለጥፉት ምንም አልቀራቸውም። «እዚያ አገር ጃኬት እንደ ጎመን ነው የሚሸጥ ይላሉ። የኔን ትከሻ መቼም አትረሽውም» አሉና ዞር ብለው ትከሻቸውን በቀኝም በግራም አሳዩዋት። ፈትለወርቅ ትከሻውን እንዳልረሳች ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ የሚጠይቃት ሰው ስለጠፋ ስልኩ ተዘጋ።

የፈትለወርቅ መልእክት ቀሪ ክፍል እንዲህ የሚል ነበር። ቤሩት ዘጠኝ ዓመት ያገለገለቻቸው ሰዎች ለአራት ቀን ሽርሽር ኢስታንቡል ሲሄዱ ልጆቹን እንድትይዝላቸው ይዘዋት ሄደዋል። ዛሬ ግን ልጆቹን መርከብ ሊያሳፍሩ ወጡ፤ ለእሷ ትኬት አልተቆረጠም። ማዳሟ «ዛሬ እረፍትሽ ነው፣ ከተማውን እይ። ቁርስ ሆቴሉ በነጻ ስለሚሰጥ እስክትጠግቢ ብይ፣ የቀንሽ እሱ ነው» ብላት ሄደች። ነገር ግን ፍልሰታ ነው። የሆቴሉ ቁርስ አራት ሰዓት ላይ ይነሣል፣ የፈትለወርቅ ጾም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈታል፤ መሀል ላይ ያለውን አምስት ሰዓት ማዳሟም ሆቴሉም አላሰቡትም። ፈትለወርቅ አስባበት ነበር። ሁለት ዳቦ፣ አንድ ኪያርና ስድስት ፍሬ ወይራ በወረቀት ጠቅልላ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ የቆመው አስተናጋጅ ጥቅልሉን አስፈታት። ምግብ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። «ሰው እያየ ወደ ሳህኑ አስመለሰኝ፣ ህይወትዬ። ወይራውን አንድ በአንድ።» ከዚያ ወደ ገንዘቡ ገባች። «አሮጊቷ፣ የሰውዬው እናት፣ ከቤሩት ስንወጣ ሁለት መቶ የቱርክ ገንዘብ በእጄ አስጨብጠውኛል። ሰዎቹ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አይመጡም። አንቺ እንግሊዝኛ ትችይ የለ? እስቲ ስልኩን ጠይቂልኝ፣ ቅቤ የሌለው ነገር የት እንዳለ። ለእማሽ ደግሞ እንዳትነግሪ።»

የህይወት እንግሊዝኛ አሥረኛ ክፍል ፈተና ላይ እንጂ ምግብ ቤት ላይ ተሞክሮ አያውቅም። ቢሆንም እችላለሁ ማለት ለእሷ ብርቅ አልነበረም። ልትመልስላት ስትል ኢንተርኔቱ እምቢ አለ፤ የአያ ጌጡ ትከሻ ፓኬጁን ጠራርጎ በልቶታል። ሳሎን ስትወጣ እናቷ ጫማዋን አጥልቃ፣ ጃንጥላዋን ይዛ፣ ለቅዳሴ ልትወጣ ቆማለች።

«አትመጪም?»

«ቅደሚ፣ እደርስብሻለሁ።»

መስታወት ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና አንድም ነገር ሳትናገር ወጣች። መስታወት እንዲህ ናት። አይታ ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው፤ ተቆጥታ ቢሆን ህይወት አሥር መልስ ነበራት።

ፍልሰታ ሲሆን ንፋስ መውጫ ከተማ ጉም ትለብሳለች፤ ከአሥር እርምጃ ወዲያ ያለ ሰው ድምፁ እንጂ መልኩ አይታይም። ባጃጆቹ መብራታቸውን አብርተው ጭቃውን በግራና በቀኝ እየረጩ ያልፋሉ። ከታች ቆላው የመጣ የበቆሎ እሸት አስፋልቱ ዳር ተደርድሯል፤ የምትጠብሰዋ ሴት ራሷ ጾም ስለሆነች ፊቷን ከጭሱ ሳይሆን ከሽታው ነው የምታዞር። ህይወት ጉሙን ጥሳ መናኸሪያው ፊት ለፊት ወዳለው ሻይ ቤት ገባች። ግድግዳው ላይ «ዋይፋይ ለተጠቃሚ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አስተናጋጇ እሌኒ የክፍል ጓደኛዋ ታላቅ እህት ስለሆነች ወረቀቱ እሷን እንደማይመለከት እርግጠኛ ነበረች።

«እሌኒዬ፣ ፓስወርዱን።»

«ምን ልታዘዝ?»

«ምንም። ጾም ነኝ።»

«እኔም ጾም ነኝ፣ ባለቤቱ ግን አይጾምም። ሻይ እዘዢና አትጠጪው።»

ሻዩ ሃያ ብር ነው። ህይወት ኪስ ውስጥ ስልሳ ብር አለ። ሻዩ መጥቶ ፊቷ ተቀመጠ፣ እሷም አልነካችውም። እንዲህ ለብቻዋ ምግብ ቤት ወንበር ላይ ስትቀመጥ በአሥራ ሰባት ዓመቷ የመጀመሪያዋ ነው። እስከ ዛሬ የገባችው ወይ ከእናቷ ጋር፣ ወይ አራት አምስት ሆና እየተገፋፋች ነበር። ለብቻ ሲሆን ወንበሩ ይሰፋል፤ እጅሽን የት እንደምታስቀምጪው ይጠፋሻል፤ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ አንቺን፣ ቀጥሎ ሻይሽን፣ ቀጥሎ ደግሞ ባዶውን ወንበር ያያል። ጥግ ላይ ተሳፋሪ የሚጠብቁ ሁለት ሾፌሮች ነበሩ። አንደኛው፣ «ልጅት፣ ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?» አላት።

«ዘጠኝ ሰዓትን» አለችው።

ሾፌሩ ሳቀ፤ ሁለተኛ ግን አላስቸገራትም።

ስልኩን ስትከፍት ከፈትለወርቅ ሦስት መልእክት ተደርድሯል፤ ሦስቱም «አለሽ?» የሚሉ ናቸው። ህይወት መጀመሪያ የጻፈችላት፣ «ፈትልዬ፣ ተይው ብይ። መንገደኛ ነሽ። እግዜር ያውቃል» የሚል ነበር። መልሱ ወዲያው መጣ። «እግዜርማ ያውቃል። እኔ ነኝ የማላውቅ። ከቤት ይዤው ከመጣሁት ከዚህ ሌላ ምን ቀረኝ?» ህይወት ፍለጋዋን ጀመረች። የከተማው ስም ላይ «የት ይበላል» ብላ ስትጨምርበት የመጣው መአት ነው። ባሕር ዳር የተዘረጋ ጠረጴዛ፣ ዓሣ፣ በግ፣ በወርቃማ ሳህን የተከመረ ጣፋጭ። የአንዱን ቤት ዋጋ ወደ ብር ስትመነዝረው የአንድ ሰው ራት የእናቷን የወር ቤት ኪራይ አስከነዳው፤ ሳታስበው «እናንተ!» ብላ ጮኸችና ሾፌሮቹ ዞሩ። የፈትለወርቅ ሁለት መቶ ሲመነዘር ሰባት መቶ ብር ገደማ ነው። ንፋስ መውጫ ላይ ስድስት ሰው ሽሮ ይበላበታል። እዚያ ለአንድ ሾርባና ዳቦ ከበቃ ጥሩ ነው። ከዋጋው ይበልጥ ያስገረማት ግን ፎቶዎቹ ናቸው፤ በየጠረጴዛው ሁለት ብርጭቆ፣ ሁለት ሹካ፣ ሁለት ወንበር። አንድም ሰው ለብቻው ሲበላ ፎቶ የተነሣበት ቤት አላገኘችም።

ሦስት ቤት መረጠችላት፣ ሦስቱም ከሆቴሉ በእግር የሚደረስባቸው። በቱርክኛ «ሥጋ የሌለው፣ ቅቤ የሌለው፣ ወተት የሌለው፣ እንቁላል የሌለው» የሚል ጽሑፍ ከስልኩ አስተርጉማ በትልቁ አዘጋጅታ ላከችላት። «ይህን አሳዪያቸው፣ አትናገሪ» አለቻት። ፈትለወርቅ አራተኛ ክፍል ነው ያቆመችው። አረብኛዋ የወጥ ቤት አረብኛ ነው፣ «አምጪ»ን እና «አጽጂ»ን ያውቃል፣ «አምጡልኝ»ን አያውቅም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የፈትለወርቅ ድምፅ ከነመኪና ጡሩምባው መጣ። «መንገዱ ላይ ነኝ። ህይወትዬ፣ የሰው ብዛት! የጥምቀት ሕዝብ ነው የሚመስል፤ አንድ የማውቀው ሰው ግን የለበትም።» ቀጥሎ ፎቶ፤ ድመት፣ ግንብ ላይ የተኛች። ቀጥሎ ሌላ ፎቶ፤ ሌላ ድመት። ህይወት «ድመቱን ተይና ምግብ ቤቱን ፈልጊ» ብላ ጻፈችላት። ጥቂት ቆይቶ የመጣው ድምፅ ዝግ ያለ ነበር። «የመጀመሪያው ቤት ገባሁ። አስተናጋጁ በጣቱ ስንት ናችሁ አለኝ። አንድ አልኩት። ከኋላዬ አየ። የሚከተለኝ ሰው ያለ መስሎት መሰለኝ፤ እኔም ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ ያለች ጠረጴዛ አሳየኝ። ውሃ ሳልጠጣ ወጣሁ።»

ህይወት ይህን ስትሰማ በሩን ጋርዶ የቆመ ሰው እንዳለ አላወቀችም ነበር። ቀና ስትል አያ ጌጡ ናቸው፤ ጋቢያቸው ላይ የጉሙ ጤዛ አለ፣ ዐይናቸው ብርጭቆው ላይ ነው።

«አንቺ!» አሉ። «በፍልሰታ! እናትሽ ቅዳሴ ቆማ አንቺ ሻይ ቤት?»

ሾፌሮቹ ዘወር አሉ። እሌኒ እንኳ ጠረጴዛ የምትወለውልበትን ጨርቅ ይዛ ቆመች። ህይወት እውነቱን ልታወጣው አፏ ላይ ነበር፤ «እህትዎ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልበላችም፣ አንቱ ጃኬት ሲያዟት» ልትል። አንድ ቃል ብትናገር ግን ማታውን ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገ ፈትለወርቅ በቪዲዮ ስትስቅ ሁሉም ከንፈሩን እየመጠጠ ያያታል። ፈትለወርቅ ደግሞ ርሃቡን ትችለዋለች፣ ከንፈር መጠጣውን ነው የማትችል።

«አያ ጌጡ፣ ይንኩት እስቲ» አለች ብርጭቆውን ገፋ አድርጋ። «በረዶ ነው። ከንፈሬ ነክቶት ቢሆን አፌ ይጣመም።»

«ታዲያ ያልጠጣሽውን ለምን ገዛሽው?»

«ለዋይፋዩ።»

«ምንድር ነው እሱ? ይሄ የመንደር ወሬ የምታወሩበት? ለእናትሽ ነግሬ ነው የምሄድ!»

«ይንገሩ። የጃኬቱ ቁጥር ስንት ነበር ግን?»

«ኤክስ ኤል» አሉ፣ ራሳቸውን ሳይቆጣጠሩ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረና ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። ሾፌሮቹ እሳቸው እስኪርቁ ጠብቀው በሳቅ ፈነዱ። ህይወት ግን አልሳቀችም፤ ጆሮዋ ሥር ድረስ ግሏል። ማታ ወሬው ቤት እስኪደርስ ሻዩ ጠላ ሆኖ ይደርሳል።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ከቤተ ክርስቲያኑ የወጣው ሰው ነጭ በነጭ ሆኖ በጉሙ ውስጥ ማለፍ ጀመረ። እሌኒ ለራሷ በቆሎ አስመጥታ ቆማ ትግጣለች። «ደረሰልሽ እኮ፣ ሻይሽን ላሙቅልሽ?» አለቻት። ህይወት ራሷን ነቀነቀች። ለምን እምቢ እንዳለች ለራሷም አልገባትም። ስልኩ ላይ አንድ ፎቶ ነበር፤ ቢጫ የምስር ሾርባ፣ መሀሉ ላይ ቀይ ነገር እየተንጣለለ። «ሁለተኛው ቤት ነኝ። ይሄ የሚያብለጨልጨው ምንድር ነው?»

ህይወት ፎቶውን አተልቃ አየችው። «ቅቤ ነው! እንዳትነኪው!»

«ጽሑፉን አሳይቼው ነበር እኮ። ከተቀመጠ በኋላ ነው ከላይ ያፈሰሰበት።»

«መልሽለት።»

«ዛሬ አንዴ መልሻለሁ» ብላ ጻፈች ፈትለወርቅ። «ሁለተኛ አልመልስም። ትቼው ልውጣ።»

ገንዘቡን ከፍላ ይሁን ሳትከፍል ህይወት አልጠየቀችም፤ መልሱን ፈራችው። «ሦስተኛው ቤት ሊጥ ከሚዳምጡት ሴቶች ጋር ነው፣ ድንች ያለበት ቂጣ በዘይት ይሠራሉ፣ መስጊዱን አልፈሽ ወደ ግራ» ብላ ጻፈችና «ላክ»ን ስትነካ መብራት ጠፋ። ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። መልእክቷ አጠገብ ትንሿ ክብ ነገር ስትዞር ቀረች። ውጭ የአንዱ ወፍጮ ቤት ሞተር ቀስ እያለ ሲሞት ተሰማ።

ህይወት ያን አርባ ደቂቃ እንዴት እንዳሳለፈችው ኋላ ስታስበው ምንም ትዝ አይላትም፤ የሻዩን ብርጭቆ ብቻ ታስታውሳለች፣ ከላዩ ስስ ቆዳ እንደ ለበሰ። ሾፌሮቹ ተሳፋሪ ሞልቶላቸው ሄዱ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደልቅ ጀመር። እሌኒ ስልኳ ውስጥ ገብታለች። እኔ እዚህ ብጠፋ እናቴ በሦስት ሰው ተጠያይቃ ታገኘኛለች ብላ አሰበች ህይወት፤ ፈትልዬ እዚያ መንገድ ላይ ብትወድቅ ስሟን የሚያውቅ ድመት እንኳ የለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ በስልክ አይታታለች፤ ሳቋን፣ ጸጉሯን፣ ከኋላዋ የሚያብለጨልጨውን የሰው ወጥ ቤት። አንድ ቀን እንኳ «ከማን ጋር ነው የምትበይ?» ብላ ጠይቃት አታውቅም። አሁን ስታስበው በቪዲዮ ሁልጊዜ ቆማ ነው የምትታያት።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል መብራቱ መጣ። የህይወት መልእክት ሄደ፤ ወዲያውም አንድ ረጅም ድምፅ ገባ። አክስቷ ሦስተኛውን ቤት ያለ እሷ አግኝታዋለች።

«ህይወትዬ! በላሁ! ስሚኝማ ምን እንደሆንኩ። ብትጠፊብኝ ጊዜ ዝም ብዬ ስሄድ ከመስኮት አጠገብ ተቀምጣ ሊጥ የምትዳምጥ ሴት አየሁ። ጽሑፉን አሳየኋት፣ ድንች አሳየችኝ፣ ዘይቱን አሳየችኝ። ተቀመጥኩ። የቀረችኝ ገንዘብ ለአንድ ቂጣ ልክ በቃች። ቂጣዋ ስትመጣ ጊዜ፣ አጠገቤ ባለው ጠረጴዛ አንዲት ሻሽ ያሰረች አሮጊት ተራዋን ትጠብቃለች፣ ከነዘንቢሏ። ዐይን ለዐይን ተጋጨን። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? እጄን ዘርግቼ 'እንብላ' አልኳታ! ልማድ እኮ ነው፣ ሰው እያየኝ እንዴት ልጉረስ? እሷ ደግሞ» እዚህ ላይ ፈትለወርቅ በሳቅ ታነቀች፤ በቪዲዮ የሚታወቀው ሳቅ አይደለም፣ ሌላ ነው፣ ከአፍንጫ የሚወጣ። «ተነሥታ መጣች! የምር ወንበር ስባ ተቀመጠች! እኛ አገር ቢሆን 'ብሉ፣ ያጥግባችሁ' ብላ አይደል የምታልፍ? ቂጣዬን ለሁለት ገምሳ፣ ትልቁን ለራሷ! እያወራችኝ በላች፣ ምን እንደምትል እግዜር ይወቀው። እኔም በአማርኛ አወራኋት። ስለ አንቺ ነገርኳት። የሷ ሲመጣ እሰጥሻለሁ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ በወረቀት አስጠቅልላ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው። እሷን ማንም አላስፈታትም። ስትሄድ ጉንጬን ሳመችኝ።» የመኪና ጡሩምባ አለፈ። «ግማሽ ጎኔ አሁንም ይርበዋል። ይራበው። ከሰው ጋር ተቀምጬ ከበላሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ህይወትዬ። በይ፣ ልመለስ፣ ልጆቹ ይመጣሉ።»

ህይወት ለእሌኒ ሃያ ብሯን ከፍላ በዝናብ ወጣች። ቤት ስትደርስ አያ ጌጡ በልተው፣ ጥግ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጥርሳቸውን በስንጥር ይጎረጉራሉ፤ ሲያዩዋት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወሬው ቀድሟት ገብቷል ማለት ነው። እናቷ ትሪው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ትሪው እንደ ተከደነ ነው። ቅዳሴ ከወጣ አንድ ሰዓት አልፏል፣ የመስታወት እጅ ግን ደረቅ ነው፣ አልታጠበችም።

ህይወት ያዘጋጀችውን ምክንያት ሁሉ ልትዘረግፍ አፏን ስትከፍት እናቷ ቀደመቻት።

«በላች?»

የዝናቡ ውሃ ከህይወት ጸጉር ላይ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። የጓዳው በር ቀጭን ጣውላ እንደሆነ፣ ስልኩም ጮክ ብሎ እንደሚናገር አሁን ነው የታያት። እናቷ ከጠዋት ጀምሮ ሁሉንም ታውቅ ነበር።

«በላች» አለች።

«ብቻዋን?»

«አይ። ከአንዲት ሴትዮ ጋር።»

መስታወት በርጩማዋን ወደ ልጇ አስጠጋች። «የማን ልጅ ናት?»

«ፈትልዬም አታውቃትም፣ እማ። ስማቸውን እንኳ አልተጠያየቁም።»

መስታወት ተነሥታ ስልኩን ከልጇ እጅ ተቀበለችና ቡፌው ላይ፣ እዚያው የስኳር ቆርቆሮው ላይ አስደግፋ፣ ፊቱን ወደ ትሪው አዞረችው። ስክሪኑ ጨለማ ነው። ከዚያ እጇን ታጠበች፣ ክዳኑን አነሣች፣ እንጀራውን ከዳር ቆረሰችና ወደዚያው ወደ ቡፌው እያየች፣ «እንብላ» አለች።

«ብሉ፣ እኔ ጠግቤያለሁ» አሉ አያ ጌጡ ከጥጋቸው።

እሳቸውን ያለ ሰው አልነበረም።